ቁጥር አርባ ሰባት

ሊፍቱ ከሞተ ወዲህ ሦስት ፎቅ በእግሬ ነው፤
ቢሯችን ቸርችል ላይ፣ ቁልቁለቱን ሲያየው።
ስክሪኔ ላይ ደግሞ የሰሊጥ ማበጠሪያ
ብትንትኑ ወጥቶ አየር ላይ ተሰቅሏል፤
ዘንጉ ከኩሽኔታው፣ ዳዶው ከቡሎኑ
አንድ ጣት ተራርቆ መጠሪያ ይጠብቃል።
ሁለት መቶ አሥራ አራት አካል ነው፣ ከነሮንዴላው።
ለእያንዳንዱ ክብ፣ ለክቡ ቀጭን መስመር፣
በመስመሩ ጫፍ ነጥብ፣ በክቡ ሆድ ቁጥር።

ጋሽ ክንፈ በጉብዝናው ይህንኑ ሲሠራ
በቀለም ብዕር ነው፤ ትንፋሹን ውጦ፣
አንዱ መስመር ሌላውን አቋርጦ እንዳይሄድ
ከማለዳ እስከ ማታ አጎንብሶ ተቀምጦ።
የተሳተውን በምላጭ ይፍቀው ነበር አሉ፤
ጠረጴዛው ላይ ዛሬም ጭረቶቹ አሉ።

እኔ ግን ሰለቸኝ።
ማውስ ስጎትት ስጥል፣ ስጎትት ስጥል፣
የእጄ አንጓ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲቆስል፣
አንድ ማታ፣ መብራት ሳይቀድመኝ ቀድሜ፣
ስድሳ መስመር ስክሪፕት ጻፍኩኝ ከነድካሜ፦
«ከእያንዳንዱ አካል ድረስ፤ መሃሉን ፈልግ፤
ወደ ውጭ ውጣና ክቡን ከዳር አኑር፤
ሌላ ክብ ካገኘህ ፈቀቅ በል፣ አትጋፋ፤
ከላይ ግራ ጀምር፣ አንድ ብለህ ቁጠር።»

ተራ አስከባሪ ነው የፈጠርኩት ለካ!
በአሥራ አንድ ሰከንድ ሁሉን በሰልፍ ለካ።
የክቦቹ ረድፍ፣ በወረቀቱ ዳርቻ፣
ከመስኮቴ በታች ከቆመው የታክሲ ሰልፍ
የሚለየው ዝናብ ባለመምታቱ ብቻ።
ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ።
ጋሽ ክንፈ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አየና፣ «ስምን እንኳ መልአክ ያወጣል» አለ፤
«ቁጥርንስ፣ ልጄ?» ወጣ፣ ኮቱን አንጠልጥሎ።

ሐሙስ ዕለት ደንበኛው አንድ ክዳን አስቀረ፤
ላሜራ ነች፤ ሰረዝኳት፤ ስክሪፕቱ ዳግም ቆጠረ።
አሥራ አንድ ሰከንድ። ንጹሕ። ማንም ማንን አልነካ።
አትሜ ላክሁት። በጊዜ ገባሁ ቤቴ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸምሱ ደወለ፣ ከቶርኖ ቤቱ፣
ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ፤ ሞተሩ ከኋላው ይጮሃል፦
«እህቴ፣ አርባ ሰባት ቡሽ ነው ወይስ ዘንግ?
ባለፈው ወረቀት ቡሽ ነበር፤ ስድስት ቆርጫለሁ፤
ቁጥሩንም በመዶሻ ብረቱ ላይ መትቻለሁ።
በዛሬው ወረቀት አርባ ሰባት ዘንግ ሆኗል።
እኔ ምላጭ የለኝም። ብረት በምን ይፋቃል?»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ።
ታክሲም አልጠበቅኩ፤
ቡሹን መዳፌ ላይ አኖረልኝ።
ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድ፤ ዘይቱ ጣቴን ቀባ፤
አራትና ሰባት፣ ጠመም ያሉ፣ ግን ወደ ውስጥ የገቡ።
በሰጠሁት ስም ተጠርቶ «አቤት» ያለ፣
እኔ ግን በማግስቱ ሌላውን የጠራሁበት።
ቁጥር ተራ አይደለም። ይህንን
ሸምሱ በመዶሻ ያውቀው ኖሯል፤
እኔ በስድሳ መስመር ሳትኩት።

ማታ ስክሪፕቴ ላይ ጥቂት ቃል ጨመርኩ፦
«የተሰጠን አትንካ።
የሄደ ቢኖር ስፍራውን ተውለት፣ ዝለለው።
አዲስ የመጣ ከመጨረሻ ይቁም።»

ስድስቱ ቡሾች አርባ ሰባት እንደሆኑ ገቡ።
አሁን ሥዕሉ ላይ ከአሥራ ስምንት ቀጥሎ
የሚመጣው ሃያ ነው።
ያየው ሁሉ «አንድ ቁጥር ረስተሻል» ይለኛል፤
ሥራ አስኪያጁም በቀይ አክብቦበት መልሶልኛል።
ጋሽ ክንፈ ብቻ
ጣቱን ክፍተቱ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየና
ድምፁን ዝቅ አድርጎ
«ክዳኗ ነች?» አለኝ።