የዓመት ቦሎ

ዘይኑ መካኒኩ ካንዴላ ቀይሮ፣
ካርቡራተሯን በቤንዚን ቦርቡሮ፣
«አብሽር!» ብሎ ሸኘን፤ ከጦሳ ጉም ወጥተን
ኮምቦልቻ ወረድን፣
እኔና አሮጊቷ ፊያት፣ ፍሬን ላይ ተኝተን።

አዲስ ቦሎ ለጥፎ ሲኖ ትራክ ቀደመን፣
ሐረጎ ጥምዝ ላይ ጥቁር ጋቢ ሸለመን።

መርማሪው ልጅ ቱቦውን ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ሰክቶ
«ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ፣ በብዕሩ ጎኗን ነክቶ።
«አባቴ ሲገዛት ያንተ አባት ዳዴ ይል ነበር።»
«ርገጥ!»
ረገጥኩኝ፤
ሳሏን ዋጥ አደረገች፣ እንደ አማት በምራቷ በር።

አለፈች።

ሽቅብ ስንመለስ፣ ሐረጎ ወገብ ላይ፣
ያፈነችው ሁሉ ወጣ፤ መንገድ ተቀላቀለ ከሰማይ።
መሪዋን ዳበስኩና
«አይዞሽ፣ ይውጣልሽ» አልኳት፣ «ሳልሽን ሁሉ ሳይ፤
አንድ ዓመት አለን።»