ግማሽ ሩር

ነዳጅ አልቆበታል የሞጣ ወፍጮ ቤት፣
ወረፋው ተረሳ በገና ዋንጫ ሙግት።
“ገባች” ይላል አንለይ ከጆንያ ላይ ቆሞ፣
“አልገባችም” ይላል ሞላልኝ ደጋግሞ።

አንሙት ሲጠልዛት ሩሯ ተሰንጥቃ፣
ግማሿ ከመስመር አልፋ ሄዳ ወድቃ፣
ግማሿ ግን ቀረች ከስመኘው ጫማ፤
ግማሽ ግብ ይባላል? ይህን ማን ያስማማ!

“አንሙት ባይኖር ኖሮ ላይ ቤት ምን ነበረ?
ከቀትር ጀምሮ ብቻውን በረረ።”
“ተው እንጂ ወንድሜ! ስመኘው ሲያነክስ፣
አላየኸውም ወይ በአንድ እግር ሲመልስ?”

“ሚናህን ለይ!” አሉኝ፤
እኔ ሚዛን ያዥ ነኝ፣
ከሁለቱም ሰፈር ገብስ የሚመጣልኝ።

ይኸው መጣ አንሙት፣ ግራ እጁ ታስሮ፣
ሩብ ኩንታል በቆሎ ጫንቃው ላይ አኑሮ።
“ገብታለች? ንገረን!” ሲል ሁሉ ተጠግቶ፣
ግማሽ ሩር አወጣ ከኪሱ ጎትቶ፤
ከሚወላገደው ሚዛኔ ሥር ሸጎጣት፣
ቀጥ አለ ሚዛኑ፣ ያመት ሕመም ለቆት።

ነዳጁም ደረሰ።
ወፍጮው ተነሳና ድምፁን ቢውጠውም፣
የአንለይ ከንፈር ግን “ገባች”ን አልተወም።