ሦስት ቀን በእርሳስ

ዙበይዳ፣ ሦስት ቀንሽን ጻፍኩት በእርሳስ፣
ከመብራት ሒሳብ ወረቀት ጀርባ፣ እንዲመች ሲታበስ።
"መስጊዱ ይቅረበኝ፣ ምግቡ አያጠራጥረኝ፣
ከተማውን ልየው፣ አውሬም ካለ አሳዪኝ"
አልሽ በስልክ እየሳቅሽ፤ ዛሬም አልተውሽም፣
ሁሉን ባንድ ዘንቢል፤ "ይብቃኝ" አታውቂም።

ሐሙስ።
ባቡሩ ከአውሮፕላን ጣቢያ ወደ ሃይፋ ሲያመጣሽ
በግራ በኩል ተቀመጪ፣ ባሕሩ እንዳያመልጥሽ።
ታች ከተማ መስጊድ አለ፣ ከሆስፒታሌ ብዙ አይርቅም፤
ሃያ ዓመት በደጁ ሳልፍ ቀና ብዬ አላየሁም።
ትናንት ግን ስላንቺ ቆምኩ፣ የሴቶቹን በር ልጠይቅ፣
ሽማግሌው ዘበኛ የነርስ ልብሴን አየና "ማን ሊሰግድ?" አለ ሲስቅ።
"ጃራቲ" አልኩት፤ ጎረቤቴ። ዐረብኛዬ እዚያው አለቀ።
በሩን በጣቱ አሳየኝ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀ።
እራት ዋዲ ኒስናስ ነው፣ ፈላፍሉ ከነትኩሱ፣
ሽምብራ እኮ ነው፣ አትፍሪ፤ ነውር የለበትም ከእግር እስከ ራሱ።
ከዚያ ደረጃ። ይህች ከተማ ደረጃ ናት፣ ሌላ ምን አላት?
ጉልበቴን ካልሽ፣ ከመሬት ሥር ሽቅብ የሚወጣ ባቡር አላት።

ዓርብ።
ጭንቁ ይኼኛው ነው።
ጁምዓሽ አካ ይሁን፣ ከአረንጓዴው ጉልላት ሥር፤
እኔ ደረጃው ላይ እጠብቃለሁ፣ ጫማሽ አጠገብ፣ ከጥላው ዳር።
ግን ሰንበት ሳይገባ ባቡር ይቆማል፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ግድም፤
ኢማሙ ኹጥባቸውን ካስረዘሙት ጉዳችን ፈላ፣ እኔ በሰንበት አልሳፈርም።
በሁለት ጸሎት መሃል አንድ ባቡር ነው ያለን፤
በዚያች ቀዳዳ ምሳ እንበላለን፣ ከፈጠንን።

ምሳውን ልጽፍ ስል ግን እጄ ቆመ።

የክርስቲያን ቢላዋ፣ የሙስሊም ቢላዋ፣ የእኛም ለብቻው፤
ሦስት ደጅ፣ ሦስት ድስት፤ ሽታውን ግን አጥር መቼ አገደው?
ካንቺ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ዘልዬ፣ አቧራ ለብሼ ስመለስ
እናቴ ከደጅ፦ "ወንዝ ውረጂ! ሳትነጺ እንዳትገቢ!" እያለቀስኩ ወንዙ ጋ ስደርስ
አንቺ ቀድመሽኝ፣ ዳር ቆመሽ፣ ልብሴን ትይዢልኝ ነበር፤
ያ መልሶ እንደሚያረክሰኝ አልነገርኳትም፣ እስክትቀበር።

አርባ ዓመት ሆነ መሰለኝ። ካንድ ሳህን በልተን አናውቅም።
ወደቡ ላይ ዓሣ የሚጠብሱ አሉ፤ ዓሣ ደግሞ ቢላዋ አይጠይቅም፣
"ማን ባረከው? ወዴት ዞሮ?" ብሎ የሚመረምር የለም።
ቅርፊት ካለው ይበቃኛል፣ አንቺም ከባሕር ከሆነ አትሰጊ፤
አንድ ሳህን አዛለሁ። ሎሚውን እኔ እጨምቃለሁ፣ እሾሁን አንቺ ፈልጊ።

ቅዳሜ።
ቤት ነን። ባቡር የለም፣ ስልክ አላነሳም።
ተራራው ላይ አጋዘን የሚያረቡበት ግቢ አለ፣ በእግር ግን አይገፋም፤
ለሱ ሌላ ጊዜ ነይ።
ሲመሽ ሰገነቱ ላይ ወንበር አወጣልሻለሁ፣ ቁልቁል ተመልከች፤
ከርከሮ ከገደሉ ይወጣል፣ ግልገሎቹን አስከትሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይፈራ ሰው፣
በእግረኛ መሻገሪያ እንደ ሹም ያልፋል፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።
ላንቺ ሐራም፣ ለእኔ እርም፤ ሳንከራከር
የተስማማንበት አውሬ እሱ ነው፣ በዚህ ሁሉ አገር።
እሱ መከልከሉንም አያውቅ፤ ገንዳውን በአፍንጫው ይገለብጣል፣
ያንቺንና የእኔን የሐብሐብ ልጣጭ ካንድ ፌስታል ይበላል።

እሑድ ማለዳ ትሄጃለሽ።
ዝናብ ቢመጣ፣ አውሮፕላንሽ ቢዘገይ፣ ጉልበትሽ ቢያምሽ፣
ደረጃውም ይቀራል፣ ሰዓቱም ይገፋል፤ ላጲሱ አጠገቤ ነው፣ አይጨንቅሽ።
ዓሣውን ብቻ
በእስክሪብቶ ጻፍኩት።