ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ

የኦብሴ የሳይንስ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣
ከኋላ ገልብጬ የምጽፍበት የኔ ጉዳይ አለ።
ከፊት "የቅጠል ክፍሎች"፣ ከኋላ የእናቷ ችፌ፣
ስድስት ዓመት አብሮኝ ያደረ፣ የሚቀሰቅሰኝ ከእንቅልፌ።

"እማዬ፣" አለችኝ ልጄ፣ "መድኃኒት ስትቀቢ
ሁለቱንም አታድርጊ፤ አንዱን ተዪው፣ ከዚያ ልዩነቱን አስቢ።"
ሰባተኛ ክፍል ናት። በሁለት ጣሳ ባቄላ፣
አንዱን ፀሐይ፣ አንዱን ጥላ፣
አስቀምጠው አይታለች፤ ከዚያ ወዲህ ማረጋገጥ ነው ሥራዋ፣
አሁን ደግሞ እኔ ነኝ፣ የኮዬ ፈጬ ባቄላዋ።

ስለዚህ ቀኝ ይታከማል። ግራ ይጠብቃል።

ጥቅምት ሦስት። እሬት። ከአጥር ሥር ቆርጬ፣
ቢጫውን አንጠፍጥፌ፣ አረንጓዴውን ልጬ።
ቀዘቀዘኝ አንድ ሌሊት፤ ነግቶ ያው እከክ፣ ያው እሳት፤
"ትንሽ ለውጥ አለው" ብላት፣
በማስመሪያ ለካችው። "አራት ነበር፣ አራት ነው" አለች፤
አዘነችልኝ መሰለኝ፣ እርሳሷን ነከሰች።

ጥቅምት ሃያ። ግራዋ። የቱሉ ዲምቱዋ ጠጂቱ
ወቅጣ የሸጠችልኝ፤ "በሦስተኛው ቀን ይታያል" ብላ "ፍቱንነቱ"።
በሦስተኛው ቀን የታየው፣ አረንጓዴ የሆነ አንሶላ።
ጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሻል ነበር፤ ቆዳው ትንሽ ላላ፣
ግን ጠርሙሱ አለቀ፤ ዋጋው የሁለት ቀን ምሳ በላ።
ነጭ ሽንኩርት በማር፣ የዘበኛው የደንጌሶ ምክር፤
እሱን አልጽፍም፤ ጎረቤት አለ፣ ጩኸቴን የሚመሰክር።

አጃ ብቻ፣ የተቀቀለ፣ ለብ ያለ፣ በጨርቅ የታሰረ፣
አስተኛኝ። በቀኝ በኩል። ግራው ሲፈጀኝ አደረ።
ስለዚህ አጃ አገኘች፣ ከኦብሴ እጅ ግማሽ ራይት።
ጠበል ስሄድ ግን ሁለቱንም ዘረጋሁ፤ እንዴት ብዬ እግዜር ፊት
አንዱን እጄን ልደብቀው?
ባዶ ተወችው፣ ያቺን ረድፍ፣ ያቺን ዕለት።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ቅጠል ሁሉ እጅ እጅ አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሲሚንቶ ጠፋ።
መወጣጫው ባዶ ቆመ፤ አካፋው ግድግዳ ተደግፎ አንቀላፋ፤
ፎርማኑ ስልካችንን መዝግቦ፣ "እንደውላለን" ብሎ ጠፋ።

አንድ ሳምንት። ሁለት። እጄን አየሁ እንጂ አላመንኩም፤
ቀዩ ከስሞ፣ ስንጥቁ ገጥሞ፣ ሌሊት አንዴም አልነቃሁም።
ቀኙስ ይሁን፤ አጃ አለው፣ ዘይት አለው፣ ስንት ቅጠል ቀምሷል፤
ግራውስ? ምንም ሳይነካው ባዶውን የዋለው? እሱም ድኗል።

ግራ ገባኝ።

ኦብሴን ግን አልገባትም። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣
"ሁለቱም እጆችሽ አንድ ላይ ያጡት ነገር ምንድን ነው?" አለች፣
በር ሥር ወዳለው፣ አመድ ወደመሰለው ጫማዬ ተመልክታ።

ስድስት ዓመት ግድግዳ ለሰንኩ። ስድስት ዓመት እጄን አከክኩ።
እነዚህን ሁለት ስድስቶች ጎን ለጎን አላስቀመጥኳቸውም፤
ወይ አስቀምጬ፣ አይቼ፣ ዝም አልኩ።

ጠጂቱ ሰምታ መጣች፤ "ግራዋዬ ነው!" ደንጌሶም "ሽንኩርቴ ነው" አለ።
አልተከራከርኩም። እጄ በዳነ ማግስት እጅ አጠረኝ፤
የኪራዩ ቀን አልፎ ዋለ።

ጥር አሥራ ስድስት ስልኩ ጮኸ። "ሲሚንቶ ገብቷል፤ ነገ በጠዋት።"
ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ዱቄት ተበድሬ ነበር፣ የዚያን ዕለት።

ማታ ኦብሴ ከሱቅ ጓንት ይዛ መጣች፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቢጫ፤
"በስንት?" ብላት አልመለሰችም። የደብተር መግዣዋ ነበር፣ መጨረሻ መጨረሻ።
"ሁለቱንም አጥልቂ፣" አለች፣ "ይሄኛው ሙከራ አይደለም።"

ጎህ ሳይቀድ ደረጃው ላይ ሳጠልቀው፣ ሁለቱም የቀኝ ናቸው።
አንዱን ገልብጬ፣ መዳፉን ወደ እጄ ጀርባ አዙሬ፣
ግራዬን በቀኝ ሸፍኜ፣ "ቀኝ ያውለን" ብዬ ለራሴ ተናግሬ፣
ወረድኩ።
ከረጢቱ ከመኪና ይወርዳል፤ አቧራው እኔን ሳይጠብቅ ሥራ ጀምሯል።