ያልደነገጠችው

ፖቲ ላይ ዘነበ። መች ያውቅና አባርቶ፣
ጥቁር ባሕር ዳር ላይ ሰማዩ ተደፍቶ፣
የወደብ ክሬኖች አንገት አቀርቅረው፣
እንቁራሪት ብቻ ደስ ብሎት የሚያድረው።

ዘጠነኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ባቻና ይቆጥራል፣ በሆዱ፣ እንዳይታይ፦
አንድ አንቀጽ ለጊጋ፣ አንድ ለሶፖ፣ ቀጥሎ ኖዳሪ፣
ከዚያ ነው የእሱ ተራ፣ አራተኛው ዴስክ። «ገና ነው፤ አትፍሪ»
ይላታል ነፍሱን።
ሳል አለ፣ ሽንት አለ፣ ቀልድም አለ፤ ምን ጠፍቶ?
ከክፍል ለመባረር ማን እንደሱ በርትቶ!

አሥራ ስድስት ዓመቱ። ፊደል አይለይም።
ሰነፍ አይደለም፤ ዐይኑም አልታመመም።
ፊደሎቹ ናቸው የማይቆሙለት፣
እንደ ወይን ሐረግ የሚጠማዘዙበት፣
ሙልጭ እያሉ እንደ ዓሣ፣
አንዱን ይዞ ሲያነሣ፣ ሌላው የሚረሳ።
አክስቱ ማታ ማታ ታነብለት ነበር፤
ስምንት ክፍል ያለፈው በጆሮው ነው፣ በምስጢር።
አምና ግን አክስቱ ቱርክ ተሻገረች፣
ሰው ቤት ልትሠራ። ድምጿን ይዛ ሄደች።

ኬቶ ደግሞ አለች፣ የፊት ወንበር ይዛ።
«ትጉህ ናት» ይሏታል። እሷ ግን ፈዛ
አፍ ነው የምታየው።
ከዚያ ትኩሳት ወዲህ፣ ካለፈው ፋሲካ፣
ጆሮዋ እንደ ሻማ ቀልጦ እያለቀ ነው ለካ።
ሲስቁ ትስቃለች፣ ጥቂት ዘግየት ብላ፤
«ምን አልሽኝ?» ማለቱን ትታለች ጠቅላላ።
እናቷ ፒያኖ ታስተምራለች ቤት፤
«የልጄ ጆሮ ወርቅ ነው» ትላለች ለጎረቤት።
ታዲያ በየት በኩል ይነገራል?

ማክሰኞ ለታ ነው። የኖዳሪ አፍንጫ ነሰረ፤
እሱ ሮጦ ሲወጣ፣ ተራው ዘለለና ባቻና ላይ ሰፈረ።
«ቀጥል!» አሉ መምህርት ማናና።
ተነሣ። ሳሉ እምቢ አለው። ቀልዱም መጣና
አፉ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ተመለሰ።
ከንፈሩ ብቻ፣ ከንፈሩ ተላወሰ።
«ጮክ በል እንጂ!»
ኬቶ ዞራ አየችው።
ከንፈር ስታነብ ስንት ጊዜዋ፣ ባዶ ግን አይታ አታውቅም፤
ቃል የሌለበት፣ ትንፋሽ እንኳ የማይወጣበት አፍ፣ እንዲያው ሲያላምጥ አየር።
ሌላው «አልሰማንም» ሲል፣ በዚያ ባዶ ጆሮ
እሷ ነች የሰማችው ያን የአፍ ቋጠሮ።

ክርኗ መስኮት ዳር ካለው አበባ ደረሰ፤
የሸክላው ማሰሮ ወለል ላይ ተከሰከሰ።
ሶፖ ጮኸች። ጊጋ ከወንበሩ ዘለለ፤
የመምህርቷ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ተንጠለጠለ።
ሃያ ስድስት ትከሻ እኩል ሲሸማቀቅ፣
አንዱ እንዳለ ቀረ፣ ሳይነቃነቅ።
ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም።
ያንን ያየው ባቻና ብቻ ነው።

እንዲህ ነው የተዋወቁት፤
ሁለት ሌቦች በጨለማ፣ አንድ ቤት ውስጥ እንደተጋጩ።

ሲለቀቁ ዝናቡ አላቆመም። ሪዮኒ ድልድይ ላይ ቆሙ።
ትጻፍለት? አያነብ። ይንገራት? አትሰማ።
ደግሞም መሽቷል፤ አፉን ሊውጥባት ነው ጨለማ።
እጁን ጎተተችው። በጣቷ፣ መዳፉ ላይ፣
አንድ ነገር ሠራች፣ መንጠቆ መሳይ።
«ምንድን ነው?» አላት፣ ፊቱን ወደ መንገድ መብራቱ አዙሮ፣ እንድታየው።
«አን» አለችው። የመጀመሪያዋ ፊደል።
ደግማ ሠራችው። ደግማ።
አልዋኘም። አልተጠማዘዘም።
ቆዳ ላይ የተጻፈ የት ይሸሻል?

«ነገ እንናገር» ተባባሉ።
ነገ ሆነ፤ አልተናገሩም። ዓርብም አልተናገሩም።
አሁን ከኋላዋ ነው የሚቀመጠው፤ ደወል ሲደወል
የወንበሯን እግር ሁለቴ ይመታል፣ በጫማው።
እሷም በእረፍት ሰዓት መዳፉን ትበደራለች፤ ሦስተኛው ፊደል ላይ ናቸው።

አበባው የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ተተክሎ መስኮቱ ላይ ተመልሷል፣
አንድ ቅጠል ጎድሎት።
የማሰሮውን ዋጋ፣ አሥራ ሁለት ላሪ፣ ኬቶ ከኪሷ ከፍላለች።
ባቻና ግማሹን ልስጥሽ ብሎ ስንቴ ለመናት፤
አፉን እያየች፣ እየሳቀች፣
አልሰማ አለች።