ቁጥር አርባ አንድ

አጂፕ፣ ከባጃጅ ማዞሪያው ጀርባ
የውርርድ ቤት አለች፤ በሯ ጠባብ፣ ጣሪያዋ እንባ።
ሐምሌ ሲዘንብ የቆርቆሮው ጩኸት
ቴሌቪዥኑን ይውጠዋል፤ እኛም በዓይን ብቻ፣ ያለ ድምፀት፣
ሰው ሲሮጥ እናያለን፣ አቧራ ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ፤
ጅማ በጭቃ፣ የእነሱ ሜዳ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ።

ቤዝቦል ነው ይሉታል። ሕጉን አላውቀውም ነበር መጀመሪያ፤
ነዚፍ ነው ያመጣብኝ፦ «እግር ኳሱ አከሰረን፣ እንሞክር ወዲያ።
አንተ ስታቲስቲክስ ተምረህ የለም? አራት ዓመት ፈጅተህ!
ሳጥን ውስጥ ከሚሻግት፣ እስኪ ይሥራልህ ዲግሪህ።»

ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ።
የወርዋሪው የዕረፍት ቀን፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣
የሜዳው ስፋት፣ የመቺው የቀኝ የግራ ምርጫ፤
መብራት ሲጠፋ በስልክ ጭላንጭል፣ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ፣
ዳታ ፍለጋ ዳታ ስገዛ፣ ያ ዳታ ኪሴን ሲበላ።

ከመቶ ሃምሳ ስድስት። ይኸው ነው ጥበቤ።
ነዚፍ «ነቢይ ነህ» ይለኛል፤ እኔ አፍራለሁ በልቤ፤
ነቢይ አርባ አራት ጊዜ አይዋሽም።

ከዚያ ቁጥር አርባ አንድ መጣ።
ስሙን አልጽፍም፤ እሱም የእኔን አያውቅ።
ሰኔ ላይ ኳሱ በሰዓት መቶ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲምዘገዘግ፤
ሐምሌ ሲገባ መቶ ሃምሳ፤ ከዚያ መቶ አርባ ስምንት፤
ቀስ እያለ፣ እንደሚጎድል እንስራ፣ ማንም ሳያይበት።
ጋዜጠኛው «ደህና ነው» አለ። አሠልጣኙም «ደህና ነው» አለ።
እሱም ራሱ። ደብተሬ ብቻ ዝም አላለ።
በግራ በኩል ያመልጠዋል፤ አራተኛው ዙር ላይ ይዝላል፤
በካሬ ወረቀት ላይ የሰው ክንድ ሲታመም ይታያል።
ሚስቱ ታውቅ ይሆናል፤ ሐኪሙ፤ ከእነሱ ቀጥሎ
አዌቱ ማዶ አንድ ሥራ ፈት፣ ሻማ ለኩሶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ።

ነግሬው ቢሆን! ግን በየት አገር ቋንቋ፣ በማን በኩል?
ሁለት መቶ ብር አወጣሁ። ይሸነፋል አልኩ፣ በእርግጠኝነት ሳይሆን፣ በስሌት በኩል።
ትኬት ቆራጯ ራዲያ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና
«ይህን ሰውዬ ትጠላዋለህ እንዴ?» አለችኝ፣ ቀና ብላ፣ በትሕትና።
«ኧረ! በዚህ ዓለም ከእሱ አብልጬ የማውቀው ሰው የለም።»
ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ ጋብ አለ። ቁጥር ብቻ ይቀያየራል፤
ሥዕል የለም፣ ሥዕል ብር ይበላል። ዜሮ፣ አንድ፣ ሦስት፤ ከዚያ
«ተቀይሮ ወጥቷል» ይላል።
ክንዱን ይዞ ይሆን? አንገቱን ደፍቶ? አላየሁም።
እኔ እንዲህ ነው የማሸንፈው፤ ሰው ሲወድቅ ድምፁን አልሰማሁም።

ጠዋት አራት መቶ ሃያ ብር። ነዚፍ አቅፎ አነሳኝ፤
ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ አንዱ።
ምሳ ጋበዝኩ። ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ጉሮሮዬ ጋ ጠበበ መንገዱ።

ማታ ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤
ምን ብዬ ልሰይመው? ርዕሱን ባዶ ተውኩ።

በሳምንቱ ራዲያ፣ ብር እየቆጠረች፣ ሳታየኝ፣
«ያ ሰውዬ ተሻለው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ስልኬን ከፈትኩ። ከስሙ ፊት ለፊት ሰረዝ ነው ያለው፤
ሰረዝ ደግሞ አይደመር፣ አይካፈል፤
ምን ብዬ ልገምተው?