አራተኛው ቴሌቪዥን

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
በጎሚስታው በኩል በጓሮ ሲገባ፣
ጌም ቤት ነበረችኝ፣ ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣
ብርዱ እንደ ደንበኛ ከበር ተሻግሮ
ሳይከፍል የሚያመሽባት።

ሦስቱ ቴሌቪዥኖች ኳስ ኳስ ይላሉ፤
አራተኛው ግን፣ ባለስንጥቁ፣ አቧራ የጠጣ አካሉ፣
ታሪክ ይዞ ነበር፦
ሁለት ጨረቃ የምትወጣበት አገር፣
ግንብ ላይ የተጠመጠመ ዘንዶ፣
እሳት ከመዳፏ የምትቀዳ ልጅ፣ አብሯት የሚሄድ ወዶ
ዘማች፣ ባለጠባሳ፣ ካልዶር የሚባል።
የባንኩ ዘበኛ ጋሽ ዘርጋው ምላሱ እንቢ ይላል፤
«ቃልዬ» ብሎ ጠራው።
ቃልዬ ሆኖ ቀረ።

ጆይስቲኩ ከእንዳልክ እጅ፣ እንግሊዝኛው ከጆሮው፤
ሲተረጉምልን ይለዋወጣል ጉሮሮው፤
ለዘንዶው ወፍራም ድምፅ፣ ለልጅቷ ቀጭን።
እኛ ከኋላው፣ አግዳሚዋ ላይ ተጨናንቀን፦
ማንያህልሻል ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ብናኙ ከፀጉሯ ሳይራገፍ፣
ልሳነወርቅ፣ የአጣዬ መስመር ረዳት፣ ለአፍታ ብሎ ገብቶ
ሌሊቱ እስኪጋመስ የሚያርፍ፣
ጋሽ ዘርጋው ከነዱላው።
አንዳቸውም አይከፍሉ። ምን ላድርግ፣ ሻይ ሸጥኩላቸው።

በዘጠነኛው ማታ ቃልዬ ከዳ።
በሩን ለጠላት ከፈተ። የልጅቷ መንደር ነደደ፣
ከእህል ጎታው እስከ ግድግዳ።

ልሳነወርቅ ተነሣ፤ «አላልኳችሁም? ከድልድዩ ጀምሮ
ዓይኑ አላማረኝም!» ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣
«ቆይ፣ ታሪኩን የጻፈውን ሰው ምን ነካው?
ስምንት ማታ ወንድም አድርጎ ሰጥቶን፣ በአንድ ማታ እንዲህ የሚያዋርደው?»
«አላዋረደውም» አለች ማንያህልሻል።
«ሦስተኛው ማታ ላይ እናቱን ቀብሯል።
ከመካከላችሁ እግዜር ያጥናህ ያለው ማን ነበር?
እናንተ ጎራዴውን ስታዩ እኔ እጁን አየሁት፤
ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ቃልዬ ተንበርክኳል። ስክሪኑ ይጠይቃል፦ ይሙት? ይማር?
እንዳልክ ሳቀ፤ «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ሴቭ አድርጌያለሁ፤
መጀመሪያ ልግደለው፣ ከዚያ ተመልሼ እምረዋለሁ።»
ጋሽ ዘርጋው በዱላው ሲሚንቶውን መታ።
«እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።
ገድለህ የምትመለስ ከሆነ ምኑን ገደልከው?
ደግሞስ ምኑን ማርከው?
አንዱን ምረጥና እደርበት።»

መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ችሎት ሆንን፤
የልሳነወርቅ ስልክ ብቻ አገጫችንን ያበራል።
«ገባኝ አልኩ እንጂ ማሩት መች አልኩ?» አለች ማንያህልሻል።
ልሳነወርቅ ዝም። ቆይቶ፣ ቆይቶ፦
«ስምንት ማታ ግን አብረን ሄደናል።»

መብራት ሲመጣ እንዳልክ ማረው።
ቃልዬ ቀና አለ፤ እንዳልክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው፦
«እናቴን ስቀብር አፈሩ በረዶ ነበር፤ በጥፍሬ ቆፈርኩት።
በሩን ለጠላት ብዬ አይደለም፤
የሚያሞቀኝ ሰው ይገባ መስሎኝ ነው የከፈትኩት።»
ጋሽ ዘርጋው ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳበ።
ብርድ ነው አለ።

እንዳልክ አሁን ሸዋ ሮቢት ባጃጅ ይነዳል።
አንድ ማታ ብቻዬን ከፈትኩት፤ ሴቭ ያደረገበት ቦታ እንዳለ ነው።
መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል ፈታሁ፤
ካልዶር ተንበርክኮ የሚለው ሁለት ቃል ነው፦
«እሺ። እንሂድ።»
ወደ ሦስተኛው ማታም ተመለስኩ።
መቃብር የለም። እናት የለችም።
ድልድይ ሥር ቆሞ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ብቻ።

ትናንት ማንያህልሻል ከፈረቃ ወጥታ ገባች፤ ብናኙ ፀጉሯ ላይ ነው።
«እስቲ እዚያች ቦታ ላይ» አለች፣ «ምን ነበር ያለው?»
ጆይስቲኩን አነሣሁ። ካልዶር ሁለት ቃሉን አለ።
እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ መተርጎም ጀመርኩ፤
ከእንዳልክ ይልቅ ረዘመብኝ።